የኮሌራ ባክቴሪያ ሁለት በሮች

አንድ ባክቴሪያ ወደ ደም ሳይገባ፣ ሥጋን ሳይቦረቡር፣ በአንጀት ግድግዳ ላይ እንደ ተለጠፈ ብቻ ሰውን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንዴት ሊገድል ይችላል? የኮሌራን ጠባይ ለመረዳት የተደረገው የረጅም ዘመን ጥረት በዚህ ጥያቄ ዙሪያ የተሽከረከረ ነው። መልሱ የተገኘውም ተመራማሪዎች ከባክቴሪያው አካል ይልቅ ከአካሉ ወደ ውጭ የሚያወጣውን ነገር መመርመር ሲጀምሩ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጣሊያናዊው ፊሊፖ ፓቺኒ በ1854 በፍሎሬንስ ከተማ በኮሌራ የሞቱ ሰዎችን አንጀት በማይክሮስኮፕ መርምሮ ተሕዋሲውን ገልጾ ነበር፤ ነገር ግን በዘመኑ ሰሚ አላገኘም። ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ በ1883 ወደ ግብጽ፣ ቀጥሎም ወደ ካልካታ ተጉዞ፣ በ1884 መጀመሪያ ላይ ባክቴሪያውን ለብቻው አራብቶ ለማሳየት በቃ። ኮኽ ተሕዋሲው ከአንጀት አልፎ በሌሎች የሰውነት ክፍሎች እንደማይገኝ ስላስተዋለ፣ በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያው የሚያመነጨው መርዝ ሳይሆን አይቀርም ሲል ገመተ። ግምቱ ትክክል ነበር፤ ይሁን እንጂ እስኪረጋገጥ ድረስ 75 ዓመታት አለፉ።

ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት የፍለጋው አቅጣጫ ነበር። የኮኽ ባልደረባ የነበረው ሪቻርድ ፋይፈር በ1892 ገደማ የሞተ የኮሌራ ባክቴሪያ በጊኒ ፒጎች ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ ካሳየ በኋላ፣ መርዙ በባክቴሪያው አካል ውስጥ የታሰረና አካሉ ሲፈርስ ብቻ የሚለቀቅ ነው የሚለው አስተሳሰብ ሥር ሰደደ። በእንስሳቱ ላይ የታየው ሕመም ግን የኮሌራ መልክ አልነበረውም።

ይህን አስተሳሰብ የለወጠው የካልካታው ፓቶሎጂስት ሳምቡ ናት ዴ ነው። ዴ በ1953 ከአንድ ባልደረባው ጋር ባወጣው ጥናት፣ የጥንቸልን ትንሹን አንጀት በሁለት ቦታ በክር አስሮ በመካከሉ ሕያው ባክቴሪያ ሲጨምር የታሰረው ክፍል በፈሳሽ እንደሚወጠር አሳየ። በ1959 ደግሞ ባክቴሪያው የተራባበትን ፈሳሽ አጣርቶ፣ አንድም ባክቴሪያ የሌለበትን ፈሳሽ ብቻ በአንጀቱ ውስጥ ቢጨምር ያው ውጤት ተገኘ። ስለዚህም መርዙ ከባክቴሪያው ሬሳ የሚገኝ ሳይሆን ባክቴሪያው ወደ ውጭ የሚያወጣው መሆኑ ታወቀ። ይህን የሚያህል ሥራ በክር፣ በመርፌና በማጣሪያ የፈጸመው ዴ፣ በ1985 እስኪሞት ድረስ በገዛ አገሩ የሳይንስ ማኅበራት ዘንድ የሚገባውን ክብር አላገኘም።

በ1969 አሜሪካውያኑ ሪቻርድ ፊንከልስታይንና ጆሴፍ ሎስፓሉቶ መርዙን አጥርተው ለዩት። መርዙ ስድስት ክፍሎች ያሉት ፕሮቲን ሲሆን፣ አምስቱ በአንጀት ሕዋስ ላይ ሲጣበቁ ስድስተኛው ወደ ውስጥ ዘልቆ ሕዋሱ ጨውና ውሃ ያለ ገደብ እንዲያፈስ ያደርጋል። ሕዋሱ ግን አይሞትም፤ ስኳርንና ጨውን አጣምሮ የሚያስገባበት መንገድም እንደ ተከፈተ ይቆያል። በ1968 በዳካ በሕሙማን ላይ የተፈተነው፣ በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜም ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ለስደተኞች ያደለው የሚጠጣ የስኳርና የጨው ውሕድ ብዙ ሕይወት ያተረፈው በዚሁ መንገድ አልፎ ነው።

ከዚህ በኋላ የቀረው ጥያቄ መርዙ በምን በር ይወጣል የሚል ነበር። የኮሌራ ባክቴሪያ በሁለት ሽፋኖች የተከበበ ነውና፣ ይህን የሚያህል ፕሮቲን እንዲሁ ሾልኮ ሊወጣ አይችልም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች መርዙ በመጀመሪያ የውስጠኛውን ሽፋን አልፎ በሁለቱ መካከል ቅርጹን እንደሚይዝ፣ ቀጥሎም ሁለተኛው ዓይነት የማስወጫ ሥርዓት በተባለው የፕሮቲኖች ስብስብ አማካይነት ወደ ውጭ እንደሚገፋ ገለጡ።

ሌላው በር የተገኘው ባልተጠበቀ መንገድ ነው። በውሃ ውስጥ አሜባዎች ባክቴሪያን እየዋጡ ይኖራሉ። በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በጆን ሜካላኖስ ቤተ ሙከራ ስቴፋን ፑካትዝኪና ባልደረቦቹ፣ በ1968 በሱዳን ከተነሣ ወረርሽኝ የተገኘ የኮሌራ ባክቴሪያ ዝርያ ከአሜባ ጋር ሲገናኝ በመበላት ፈንታ አሜባውን እንደሚገድል አስተዋሉ። በ2006 ምክንያቱን ሲገልጹ ያገኙትን መሣሪያ ስድስተኛው ዓይነት የማስወጫ ሥርዓት አሉት። በ2010 ይኸው መሣሪያ ሌሎች ባክቴሪያዎችንም እንደሚገድል ታየ። በ2012 አሠራሩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሰገባ ውስጥ ያለ ጦር ይመስላል፤ ሰገባው ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ተኮማትሮ ጦሩን ከነመርዙ ወደ ጎረቤት ይወረውራል። የራሱ ወገን ማርከሻውን ስለሚይዝ አይጎዳም። በ2015 የወጣ ጥናት ደግሞ ባክቴሪያው በጥቃቅን የውሃ እንስሳት ቅርፊት ላይ ሲሰፍር ጎረቤቱን ወግቶ ከገደለ በኋላ የሟቹን ዘረ መል ወስዶ የራሱ እንደሚያደርግ አመለከተ።

ይህ ጦር በውሃ ውስጥ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። በ2018 በአይጥ ግልገሎች ላይ የተደረገ ምርምር፣ ባክቴሪያው በአንጀት ውስጥ የሚኖሩትን ነባር ባክቴሪያዎች በዚሁ ጦር ሲያጠቃ በሽታው እንደሚጸና አሳይቷል። እንግዲህ አንደኛው በር የሰውን አንጀት ያጥለቀልቃል፤ ሁለተኛው በዚያው አንጀት ውስጥ ስፍራ ያስለቅቃል።

የፋይፈር ጊኒ ፒግ፣ የዴ የታሰረ አንጀት፣ የሐርቫርድ አሜባ ጎን ለጎን ሲታዩ የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ይገለጣል። ተሕዋሲው ከሚኖርበት ስፍራና ከሚኖራቸው ጎረቤቶች ተነጥሎ በተመረመረ ጊዜ ጥናቱ አሳስቷል፤ ወደ አንጀቱና ወደ ውሃው በተመለሰ ጊዜ ግን ምሥጢሩን ገልጧል። በመካከሉ ያለፉት 75 ዓመታት የመሣሪያ እጦት ብቻ ያመጣቸው እንዳልነበሩ የዴ ክርና ማጣሪያ ይመሰክራሉ።