ሄሞግሎቢን ኤ1ሲ
ሄሞግሎቢን ኤ1ሲ ግሉኮስ (ስኳር) የተጣበቀበት ሄሞግሎቢን ነው። መጠኑ የስኳር በሽታን ለመለየትና ለመከታተል ይለካል። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ስለሚኖር፣ ውጤቱ ያለፉትን 2-3 ወራት አማካይ የደም ስኳር ያሳያል። ለምርመራው ሳይበሉ መቆየት አያስፈልግም።

በስኳር ሕሙማን ደም ውስጥ ከፍ እንደሚል ኢራናዊው ሐኪም ሳሙኤል ራህባር በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. 6.5% እና ከዚያ በላይ የሆነ ውጤት የበሽታው መለያ እንዲሆን ተቀበለ። ሆኖም ከ6.5% በታች የሆነ ውጤት ብቻውን በሽታው የለም አያሰኝም።

ደም ሲፈስ ወይም ቀይ ሴሎች ያለ ጊዜያቸው ሲፈርሱ ውጤቱ ከእውነተኛው ዝቅ ይላል። በብረት እጥረት የሚመጣ የደም ማነስ ግን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፍሩክቶዛሚን ሊለካ ይችላል፤ ይህም በአልቡሚንና በሌሎች የደም ፕሮቲኖች ላይ የተጣበቀው ስኳር ሲሆን ያለፉትን 2-3 ሳምንታት ያመለክታል።