ዳገቱን ከቁልቁለቱ ጀምሮ

ቀረብ በሉና ስሙኝ። የምተርክላችሁ ስለ አንዲት ተራ ብስክሌትና ስለተገጠመላት ሞተር ነው። ከብስክሌቷ በፊት ግን ከተማዋ ትቅደም፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከከተማዋ አቀማመጥ ነውና።

አዲስ አበባ ከተራራ ወርዳ የተቆረቆረች ከተማ ናት። አፄ ምኒልክ እንጦጦ አናት ላይ ከትመው ሳለ፣ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ ያለበትን ሜዳ ወደዱትና በ1879 ዓ.ም. እዚያ ቤት አሠሩ። መኳንንቱ ተከተሉ፤ ሠራዊቱ ተከተለ፤ ገበያውም ተከተለ። ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ሰው ሲወርድና ሲወጣ ይኖራል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የእንጦጦ ጋራ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ሕዝቡ የሚኖረው በሁለቱ መካከል ባለው ተዳፋት ላይ ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላይ ሽማግሌውም ተማሪውም በብስክሌት ይሄዳል፤ ሜዳ ነዋ! አዲስ አበባ ላይ ግን ብስክሌት ጠዋት ይነዳል፣ ማታ ይገፋል።

አንዲት ነርስ ነበረች። ቤቷ ሽሮ ሜዳ፣ ሥራዋ ታች ፍልውሃ አካባቢ። ጠዋት ጠዋት በብስክሌቷ ቁልቁል ስትወርድ የሚቀድማት ታክሲ አልነበረም። ማታ ግን ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለችበት እግር አራት ኪሎን አልፎ ስድስት ኪሎ ሲደርስ ይከዳታል። ትወርድና ትገፋለች። አንድ ቅዳሜ ቁርጧን አውቃ፣ ከጎሚስታ ቤት ጎን ተቀምጠው ብስክሌት ወደሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ ለዚች ብስክሌት ሞተር ይግጠሙልኝ። ጉልበቴ አለቀ።»

ሽማግሌው ሞተርም ዋጋም አላነሡም። ብስክሌቷን ብድግ አድርገው የኋላውን ጎማ አሽከረከሩና ፍሬኑን ያዙ።

«ልጄ፣ ቁልቁል ስትወርጂ ይቆምልሻል?»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት ለዳገቱ ነው።»

«ገብቶኛል። ዳገቱን የምንሠራው ግን ከቁልቁለቱ ጀምረን ነው።»

ይህን ንግግር ያዙልኝ። ሽማግሌው ለምን እንዲህ እንዳሉ እንዲገባችሁ መጀመሪያ የሞተሩን ታሪክ ላሳጥርላችሁ።

ሞተርና ብስክሌት የተገናኙት ትናንት አይደለም። የኢትዮጵያ ሠራዊት ወደ ዓድዋ በዘመተበት በዚያው ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1895 የመጨረሻ ቀን፣ ኦግደን ቦልተን የተባለ የኦሃዮ ሰው ለኤሌክትሪክ ብስክሌት የፈጠራ መብት ተሰጠው። ሞተሩን የኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ከተተው፤ ባትሪውን ቴላዮው ውስጥ አንጠለጠለው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1897፣ ሆሴያ ሊቢ የተባለ የቦስተን ሰው በሌላ መንገድ መጣ፤ እሱ ሞተሩን ያስቀመጠው ፔዳሎቹ በሚዞሩበት ዘንግ ላይ ነው። ዛሬ ገዢ ሁሉ የሚጨነቅበት ጥያቄ፣ ሞተሩ ጎማው ላይ ይሁን ወይስ ፔዳሉ ዘንድ የሚለው፣ ያን ጊዜውኑ ተነሥቶ ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ባትሪው እርሳስ ነበር። እርሳስ ከባድ ነው፤ ዳገቱን ለማቅለል ጭነው ብስክሌቱን ያከብዱታል። ነገሩም አንድ ምዕተ ዓመት ያህል እየተነሣ ሲወድቅ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሶኒ የሊቲየም አዮን ባትሪን ለገበያ አወጣ፤ ባትሪ እየቀለለ የሚሄድበት በር ተከፈተ። በ1993 ደግሞ ያማሃ ጃፓን ውስጥ አንድ ብልህ ነገር ይዞ ብቅ አለ። ብስክሌቱ ላይ የተተከለ መለኪያ ጋላቢው ፔዳሉን ምን ያህል እንደረገጠ ያዳምጣል፤ ሞተሩም በዚያው ልክ ያግዛል። በጊዜው የጃፓን ደንብ እገዛው ከእግር ጉልበት እንዳይበልጥ ያዝዝ ነበር፤ እግር አንድ እጅ፣ ሞተር ቢበዛ አንድ እጅ።

እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ የምወደው ይህን ነው። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። ያማሃ የሠራው ሸክሙን የሚካፈል ሞተር ነው፤ ሰውየው ጋላቢነቱ አልቀረም፤ እግሩም ሥራ አልፈታም።

አሁን ወደ ሽማግሌው እንመለስ። ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው ወለሉ ላይ ማስላት ጀመሩ።

«አንቺ፣ ብስክሌቷ፣ ሞተሩ፣ ባትሪው፣ ቦርሳሽ፤ ሁሉ ተደምሮ 90 ኪሎ ይሁን። በመቶ ሜትር 8 ሜትር የሚያሻቅብ ዳገት ላይ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር እንድትሄጂ 200 ዋት ያህል ጉልበት ይፈለጋል። ስፖርተኛ ያልሆነ ሰው ሳይቋረጥ የሚያወጣው 100 ዋት ገደማ ነው። እዚህ ደግሞ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ቆላ ላይ ካለ ሰው ያነሰ ነው የምታወጪው።»

«እንግዲያው የጎደለኝ ግማሹ ነዋ!»

«ግማሹ ብቻ። ሰዎች እዚህ መጥተው የአንድ ሺህ ዋት ሞተር ይጠይቁኛል። ለአንቺ የ250 ዋት ሞተር ይበቃሻል፤ ይተርፍሻልም።»

ቀጠሉና ሌላ ሒሳብ ጻፉ። 90 ኪሎን 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ 25 ዋት-ሰዓት ያህል ኃይል ይፈጃል። ከፍልውሃ ሽሮ ሜዳ ያለው ከፍታ 200 ሜትር ያህል ቢሆን 50 መሆኑ ነው። ባለ 36 ቮልት፣ 10 አምፔር-ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 360 ዋት-ሰዓት ነው። ሞተሩ የሚያባክነው ተቆጥሮ፣ የጎማው መንከባለል ተጨምሮ፣ ሞተሩ ብቻውን እንኳ ቢሸከማት ባትሪው ይህን ዳገት ደጋግሞ ያወጣታል። እሷ እኩሌታውን ከረገጠች ደግሞ በእጥፍ ያህል ይረዝማል። ትልቅ ባትሪ መሸመት ለእሷ ገንዘብ ማባከንና ክብደት መጨመር ነው።

ከዚያ ሽማግሌው በጠመኔው ሃምሳውን አከበቡት።

«ይህን ተመልከቺ። ማታ ወደ ላይ የወሰድሽው ጉልበት ጠዋት ስትወርጂ የትም አይጠፋም። ከፊሉን ነፋሱ ይወስደዋል። የቀረው ሙቀት ሆኖ የሚወጣው በፍሬንሽ ነው። ዕቃሽ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ይከብዳል። እንግዲህ ማን ይቅደም? ሞተሩ ወይስ ፍሬኑ?»

ነርሷ ዝም አለች፤ ገብቷታል።

ፍሬን ቀደመ። አሮጌው የፍሬን ሸራ አልቆ ብረቱ ቸርኬውን መፋቅ ጀምሮ ነበር፤ ተቀየረ። የፍሬን ካቦውም ዝጎ ነበር፤ ከነመከለያው ወጣ። ቀጥሎ ቴላዮው ተመረመረ። ሽማግሌው ብየዳዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ወልውለው በጣታቸው ዳሰሱ፤ ስንጥቅ ያለው ቴላዮ ሞተር አይሸከምም። ጎማዎቹን አሽከርክረው ቸርኬው አለመንጋደዱን አዩ። ይህ ሁሉ ሲሠራ ሞተሩ ገና አልተመረጠም ነበር።

አሁን ያ የ1895 እና የ1897 ጥያቄ መጣ፤ ጎማው ላይ ወይስ ፔዳሉ ዘንድ?

ጎማ ውስጥ የሚገባው ሞተር ለመግጠም ቀላል ነው፤ ጎማውን ቀይሮ ሽቦውን ማገናኘት ነው። ሜዳ ላይ ጥሩ አገልጋይ ነው። ዳገት ላይ ግን ጎማው ሲያዘግም ሞተሩም አብሮ ያዘግማል፤ በዝግታ የሚዞር ሞተር ደግሞ የጠጣውን ኤሌክትሪክ ከጉልበት ይልቅ ሙቀት ያደርገዋል። ረጅም ዳገት ላይ ይጋላል፤ ከባሰም ይቃጠላል። የመሃል ሞተር የሚሉት፣ እንደ ባፋንግና ቶንግሼንግ ያሉ የቻይና ፋብሪካዎች ለተራ ብስክሌት የሚሠሩት፣ ከፔዳሉ ዘንድ ይገባና ጉልበቱን በሰንሰለቱ በኩል ይልካል። ስለዚህ የብስክሌቱ ማርሽ ለእግርም ለሞተርም ያገለግላል። ዳገቱ ሲጠና ወደ ቀላሉ ማርሽ ትቀይራላችሁ፤ ጎማው ቀስ ይላል፤ ሞተሩ ግን በሚመቸው ፍጥነት ይሽከረከራል። ለአዲስ አበባ የሚሆነው ይህ ነው። የሽማግሌውም ምርጫ ይኸው ሆነ፤ ያውም የእግርን ግፊት የሚለካው ዓይነት።

ሥራው ተጀመረ። ፔዳሉና ክንዱ ወለቀ። ከዚያ ከታች ያለው፣ ኩሽኔታዎቹን የያዘው ዘንግ መውጣት አለበት፤ ስንት ሰው ቴላዮውን ያበላሸው እዚህ ላይ ነው! በአብዛኞቹ ብስክሌቶች የግራው በኩል እንደማንኛውም ቡሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል። የቀኙ፣ በሰንሰለቱ በኩል ያለው፣ ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የሚፈታ መስሎት እያጠበቀ ጥርሱን ይበላዋል። ሽማግሌው ወደ ቀኝ አዞሩት፤ ሲጥ ብሎ ተላቀቀ። ቱቦውን አጽድተው ግራሶ ቀቡ፤ ስፋቱን ለኩ፤ 68 ሚሊ ሜትር። ለሞተሩ ልክ ነው። ሞተሩ ከአንድ ጎን ገባ፤ ከሌላው ጎን ዳዶው በኃይል ጠበቀ። ይህ ዳዶ ከላላ ሞተሩ ዳገት ላይ በገዛ ጉልበቱ ይዞርና ሽቦውን ይበጥሳል፤ ስለዚህ ከጥቂት ቀን ግልቢያ በኋላ ተመልሳ መጥታ ዳግመኛ እንዲያጠብቁላት አስጠነቀቋት። ፍሬኑ ሲያዝ ሞተሩን ወዲያው የሚያቋርጠው ማብሪያ ማጥፊያም በሁለቱም እጆች በኩል ተገጠመ።

ሽቦዎቹን ሲያስሩ መጋጠሚያው ላይ ከመድረሳቸው በፊት ዝቅ ብለው እንዲታጠፉ አደረጉ።

«ክረምት ሲመጣ ውሃው ሽቦውን ይዞ ይወርዳል፤ እጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ መጋጠሚያው ውስጥ አይገባም።»

ባትሪው ቴላዮው መሃል ላይ ተቀመጠ፤ ሽማግሌውም ስለ ባትሪው ሲናገሩ ድምፃቸው ጠነከረ። ውስጡ አሥር ረድፍ ትንንሽ የሊቲየም ባትሪዎች አሉ፤ ሲሞላ 42 ቮልት ይደርሳል። አንዱ ረድፍ ከልክ በላይ እንዳይሞላ የሚጠብቅ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ከሌለው፣ ወይም ከአሮጌ ላፕቶፕ ተለቃቅሞ በፕላስተር የተጠቀለለ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠ እሳት ነው። ኒውዮርክ ላይ በእንዲህ ዓይነት ባትሪዎች ቃጠሎ ሰዎች አልቀዋል፤ ከተማዋም እ.ኤ.አ. በ2023 የደኅንነት ማረጋገጫ የሌለው የኤሌክትሪክ ብስክሌትና ባትሪ እንዳይሸጥ ደነገገች።

«ከራሱ ቻርጀር በቀር በሌላ አትሙዪው። ተኝተሽ አትሙዪው። በር ላይ አታስቀምጪው፤ እሳት ቢነሣ መውጫሽን ይዘጋዋል። ወድቆ ከተሰነጠቀ ወይም ካበጠ ወዲያ በይው።»

ማታ ሆነ። ነርሷ ከፍልውሃ ተነሥታ ሽቅብ ጀመረች። ፔዳሉን ስትረግጥ የሆነ ነገር አብሯት ረገጠ። ስታጠብቅ ይጠብቃል፤ ስትለቅ ይለቃል። አራት ኪሎን አለፈች። ስድስት ኪሎ ላይ፣ ሁልጊዜ የምትወርድበት ቦታ ላይ፣ የሽማግሌውን ትእዛዝ አሰበች፤ ዳገቱ ሳይከብድሽ ቀድመሽ ማርሹን ቀይሪ፣ ስትቀይሪም ለአፍታ እግርሽን አላላ አድርጊ፣ የሞተርና የእግር ጉልበት ተደርቦ ሰንሰለቱን እንዳይበጥሰው። አላላች፤ ቀየረች፤ እግሯ በደቂቃ ስድሳ ሰባ ጊዜ እየዞረ ወጣች። አላባትም አልልም፤ ላብማ ነበረ። ሽሮ ሜዳ የደረሰችው ግን ብስክሌቷ ላይ ተቀምጣ ነው። ጠዋት ስትወርድ ደግሞ አዲሱ ፍሬን ከበፊቱ የከበደችውን ብስክሌት ባዘዘችበት ቦታ አቆመላት።

ስሙኝ እንግዲህ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ወሬ በየቤቱ ነው፤ ደግ ነው። ግን አንድ ባለ 36 ኪሎዋት-ሰዓት የመኪና ባትሪ የሚይዘውን ብታካፍሉት የመቶ ብስክሌት ባትሪ ይሞላል። መቶ ነርስ፣ መቶ ተማሪ፣ መቶ አናጺ ዳገቱን ይወጣበታል። ለዳገታማ ከተማ ሕዝብ ከዚህ የሚቀርብ መፍትሔ ጥቂት ነው፤ የሚያስፈልገውም አዲስ ብስክሌት ሳይሆን ጓሮ የቆመችው አሮጌዋና ሥራውን የሚያውቅ እጅ ነው።

ስለዚህ ጠጋኝ ዘንድ ስትሄዱ ቅደም ተከተሉን እናንተ ያዙ፤ ፍሬን፣ ቴላዮ፣ ከዚያ ሞተርና ባትሪ። ፍሬናችሁን ሳይነካ የሞተሩን ዋት የሚያወድስላችሁ ካገኛችሁ አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ፤ ወጥቶ መውረድ እንዳለ የሚያውቀውን እስክታገኙ ድረስ።