«ለምን ወጣሽ?»

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የተጂዋን ልጅ ነገር ላውጋችሁ። ልጅቱን የፈጠርኳት እኔ ነኝ፤ ስምም አላወጣሁላትም። እሳቱ ግን እውነት ነው።

ከሰበታ በጅማው መንገድ ተፍኪን አልፋችሁ ስትሄዱ ተጂን ታገኛላችሁ። የበቾ ሜዳ ነው፤ ጤፍና ሽምብራ የሚያበቅል፣ ክረምት ጭቃው ጫማ የሚያስቀር ጥቁር አፈር። ልጅቱ ትምህርቷን እንደጨረሰች ሰበታ ገባች፤ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ተቀጠረች። ሦስት ዓመት በፈረቃ ሠራች። የተበጠሰ ክር ስትቀጥል እጇን ማየት ያቅት ነበር አሉ።

መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ፣ በኢሬቻ በዓል፣ ሰው ተረጋግጦ አለቀ። መንግሥት የሞቱት ከ50 በላይ ናቸው አለ፤ ተቃዋሚዎች ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ይበልጣል አሉ። ሐዘኑ ቁጣ ሆነ። በዚያው ሳምንት ሰበታ ውስጥ ፋብሪካዎች ተቃጠሉ፤ ሳይጂን ዲማ የተባለው የቱርኮች ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አንዱ ነበር። ወሩ ሳይወጣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ዐሥር ወር ያህል ቆየ።

የኛዋ ልጅም የምትሠራበት አዳራሽ ነደደ፤ ፈረቃዋ በሙሉ ተቀነሰ። በነጋታው ሰበታ ውስጥ «ለምን ሥራ ፈታሽ?» ብሎ የሚጠይቃት አልነበረም። ቡራዩ ስትደርስ ግን ጠያቂ ተገኘ።

«ለምን ወጣሽ?»

«በገዛ ፈቃዴ።»

«ሌላ ሥራ ሳትይዢ?»

ዝም አለች። ሰውየው ፎርሙን ገልብጦ «እንደውልልሻለን» አላት። ትርጉሙን ታውቁታላችሁ።

ሱሉልታ ላይ እውነቱን ተናገረች። «ፋብሪካው ተቃጠለ።» ይኼኛው ቀና ብሎ አያት። «የዚያን ቀን አንቺ የት ነበርሽ?» አያችሁ ነገሩን? ውሸቱ ሰነፍ አስመሰላት፤ እውነቱ ደግሞ ተጠርጣሪ አደረጋት። በአዋጁ ወራት የሰበታ መታወቂያ ይዞ ሥራ መጠየቅ እንዲህ ነበር። ልጅቱም ፈርታ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ጭሱ፣ ስለ ጎረቤቶቿ ብዙ አወራች። ስለ ክር አንድ ቃል ሳትተነፍስ ወጣች።

ማታ የድሮው የሠራተኛ ማኅበር መሪ ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ ምን ልበል ታዲያ?»

«የሥራ ልምድ ወረቀትሽን ተቀብለሻል?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እሱን አምጪ፣ ልጄ።»

ሽማግሌው ሕጉን ያውቁታል። ያኔ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 377/1996 ነበር፤ ዛሬ በቦታው 1156/2011 አለ። አሠሪ ለሚሰናበት ሠራተኛ የምስክር ወረቀት በነጻ መስጠት አለበት። የሚጻፉበት ነገሮች ሦስት ናቸው፤ የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎቱ ዘመንና ደመወዙ። የወጣበት ምክንያት ከሦስቱ አንዱ አይደለም። ይህን ያረቀቀ ሰው ይባረክ እላለሁ። በዛሬው ሕግ ድርጅት ሲዘጋ ወይም ሠራተኛ ሲቀነስ፣ ከሥራ ስንብት ክፍያው በላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል፤ የሠራተኛው ጥፋት ቢሆን ኖሮ ሕጉ ካሳ ያስከፍል ነበር?

«በይ እንዲህ በያቸው» አሏት። «‹አዳራሹ ሥራ ሲያቆም ፈረቃችን በሙሉ ተቀነሰ። ፈትል ላይ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ወረቀቴ ይኸው።› ከዚያ ስለ ማሽኑ አውሪ። ስለ እሳቱ ከጠየቁሽ ‹ፈረቃዬ አልነበረም› ብለሽ ወደ ማሽኑ ተመለሺ።»

ፈረቃዋ አልነበረማ። እውነት ባይሆን ሽማግሌው አይመክሯትም ነበር።

ቀጣዩ ቀጣሪ ወረቀቱን አነበበ፤ ዋስ አምጪ አላት፤ አመጣች፤ ገባች። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ስታስወጣም ሐዋሳ ላይ ልብስ ይሰፉ የነበሩ ብዙ ልጆች ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ከበር ወደ በር ዞረዋል። የዋሽንግተንን ውሳኔ ለሰው ኃይል ኃላፊ የማስረዳት ዕዳ በስፌት ሠራተኛዋ ላይ ሲወድቅ አስቡት!

እናንተ ቀጣሪዎች፣ ፎርማችሁ ላይ «ሥራ የለቀቁበት ምክንያት» የምትለውን መስመር ሰርዟት። ልጅቱን ማሽን ላይ አቁማችሁ ክር ስትቀጥል እዩዋት።