ሰላጣና ነጻነት ከእንጦጦ ግርጌ

ገበታ የሕዝብን ታሪክ ይናገራል። እቴጌ ጣይቱ በ1880 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ሲመረቅ ያደረጉት ታላቅ ግብር የመንግሥቱን ኃይልና ልግስና ለተጋባዡ እንዳስረዳ፥ ዛሬ በየካ ቤቶች የሚቀርበው ሰላጣም የሚነግረን ነገር አለው።

ኢጣልያኖች በበጋቸው ሐሩር ሲበረታ ሜሎን የተባለውን ጣፋጭ ፍሬ ቈርጠው፥ በጨው ታሽቶ ለብዙ ወራት የደረቀውን የአሳማ ሥጋ በስሱ ሸንሽነው ያለብሱታል። የፍሬው ጣዕምና የሥጋው ጨው ይደጋገፋሉ። «ኢንሳላታ» የሚለው ቃላቸውም «ጨው የገባበት» ማለት ነው።

የፋሽስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው ዕለት፥ በ1933 ዓ.ም.፥ ንጉሠ ነገሥቱ በእንጦጦ በኩል ወደ ዋና ከተማቸው ተመለሱ። ወራሪው ሲወጣ ፓስታና ፉርኖ የሚሉት ቃላት ቀሩ፤ የአሳማው ሥጋ ግን በክርስቲያኑም በእስላሙም ገበታ ስፍራ አላገኘም።

ባለሙያዋ እመቤት ግን ፓፓያውን ከትፋ፥ ሎሚ ጨምቃ፥ ደቅቆ የታመሰ ቋንጣ ብትነሰንስበት ያው ብልሃት ይገኛል። ጊዜውም የራሳችን ነው። የእነርሱ በጋ ለእኛ ክረምት ሆኖ እንጦጦ በደመና ይሸፈናል፤ ፀሐይ የሚበረታበት መጋቢት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል፥ ጾመኛው ሰላጣውን ያለ ሥጋ ይበላል፤ ቋንጣውም ፋሲካን ይጠብቃል።

ነጻ ሕዝብ ከባዕድ የሚጠቅመውን በራሱ ሕግ መርምሮ ይቀበላል። ይህንንም እናቶቻችን ማንም ሳያዛቸው በማድ ቤት ፈጽመውታል።