«በስምምነት አለቀ» ሲባል፦ ፍርድ ቤት ያልቀረበ የልጅ ጉዳይና የጊዜ ገደቡ

አሜሪካ ውስጥ ልጅ ከሚያሳድጉ ወገኖቻችን ደጋግሜ የምሰማው አንድ አነጋገር አለ፤ «የልጁ ጉዳይ በስምምነት አለቀ» ይላሉ። ሱቅ ውስጥ ዕቃ ያነሳ ወይም ትምህርት ቤት የተደባደበ ልጅ፣ ክስ ሳይመሠረትበት በፕሮቤሽን ኦፊሰር ክትትል ሥር እንዲቆይ ወላጁ ሲፈርም ነገሩ ሽምግልና ይመስለናል። ሽምግልና እርቅ ሲወርድ ያበቃል። ይህኛው ግን በፊርማው ቀን ይጀምራል፤ የሚያበቃውም ሕግ በወሰነው ጊዜ ነው።

ሕጉ እንደየግዛቱ ስለሚለያይ ሦስቱን ላንሳ።

ካሊፎርኒያ፦ በዌልፌር ኤንድ ኢንስቲትዩሽንስ ኮድ አንቀጽ 654 መሠረት ልጁና ወላጁ ከተስማሙ ክትትሉ ከ6 ወር አይበልጥም። ይሁን እንጂ በእነዚያ 6 ወራትም ሆነ ከዚያ በኋላ ባሉት 90 ቀናት ክስ ሊቀርብ ይችላል። ክሱ አስቀድሞ ቀርቦ ከሆነ ደግሞ በአንቀጽ 654.2 ዳኛው ጉዳዩን ለ6 ወር ሊያቆየው ይችላል። ልጁ ግዴታውን ከፈጸመ ክሱ ይሰረዛል።

ቴክሳስ፦ በፋሚሊ ኮድ አንቀጽ 53.03 መሠረት ክሱን የማዘግየቱ ጊዜ ከ6 ወር አይበልጥም። ፍርድ ቤት ቢጨምርበት እንኳ ድምሩ ከ1 ዓመት አያልፍም። መስማማት ግዴታ እንዳልሆነ፣ በማንኛውም ጊዜም አቋርጦ ፍርድ ቤት መቅረብ እንደሚቻል ለልጁና ለወላጁ ሊነገራቸው ይገባል።

ዋሽንግተን፦ ዳይቨርዥን የሚባለው ስምምነት በመደበኛው ከ6 ወር አይበልጥም፤ ነገር ግን ልጁ 18 ዓመት ከሞላው በኋላም ሊቀጥል ይችላል። «18 ሲሞላው ይቀራል» የሚለው ወሬ ስለዚህ አያስተማምንም።

በእኔ አመለካከት ገደቡ በሁለት በኩል ይሠራል። ልጁ ያለ ፍርድ ለዓመታት በክትትል ሥር እንዳይኖር ይጠብቀዋል። በሌላ በኩል የታዘዘውን ትምህርት፣ የምክር አገልግሎት ወይም የካሣ ክፍያ በወቅቱ ካልጨረሰ፣ ተዘግቷል ያልነው ጉዳይ ክስ ሆኖ ይመለሳል።

ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦ ጊዜው የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው? የሚያበቃውስ መቼ ነው? ሊራዘም ይችላል? ከዚያ በኋላ ክስ የሚቀርብበት ቀሪ ጊዜ አለ? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። አስተርጓሚም ይጠይቁ፤ ጥፋቱ የተነሳበት ልጅ ራሱ ለእናቱና ለአባቱ እንዲያስተረጉም መተው ለማንም አይበጅም።

ልጁ የአሜሪካ ዜጋ ካልሆነ ደግሞ አስቀድሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ያስፈልጋል፤ የዜግነት ማመልከቻው ቀደም ሲል ስለ መታሰር ይጠይቃልና። ጊዜው አልቆ ጉዳዩ መዘጋቱን የሚያሳየውን ወረቀት ከፓስፖርቱና ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር አብረው ያስቀምጡት።