«ካምፕ» እና «ሰፈር»

በየቀኑ የምንጠራው «ካምፕ» የተባለው የእንግሊዝኛ ስም ሥሩ ላቲን ነው። «ካምፑስ» ማለት ሜዳ ሲሆን፥ በጥንታዊት ሮም «ካምፑስ ማርቲየስ» ወታደር የሚሠለጥንበት፥ ሕዝብም ሹማምንቱን የሚመርጥበት ሜዳ ነበር። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ የጦር ሰፈር ማለት ሆነ። ከዚያው ሥር «ቻምፒዮን»፥ ማለትም ሜዳ ወጥቶ የሚፋለም ጀግና፥ ተገኘ። የአሜሪካ ኮሌጆችም ከ18ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ግቢያቸውን «ካምፓስ» አሉ።

ዳሩ ግን ቃሉ ክፉ ታሪክም አለው። እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1902 እንግሊዞች በደቡብ አፍሪካ የቦኤር ሴቶችንና ሕፃናትን፥ ጥቁሮችንም ለብቻ፥ ያጎሩበት ስፍራ ካምፕ ይባል ነበር፤ ከ40,000 የማያንሱ ሰዎች በበሽታና በረሃብ አልቀውበታል።

የእኛው «ሰፈረ» ደግሞ ድንኳን ተክሎ ዐረፈ ማለት ነው። እህልም ይሰፈራል፤ ቃልም በወረቀት ላይ ይሰፍራል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቈር መኳንንቱ ከነጭፍሮቻቸው በየኮረብታው ሰፈሩ። ድንኳኑ ጎጆ፥ ጎጆው ቤት ሆነ፤ ስሙ ግን ሰፈር እንደ ተባለ ቀረ። ደጃች ውቤ ሰፈርን ያስቧል።

እኛም በመዝገብ ሰፍረናል፤ እህላችንም በጣሳ ይሰፈርልናል። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ግን አገራቸው የት እንደ ሆነ ቢጠየቁ «ካምፕ» ይላሉ። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ የመጣንበትን ሰፈር፥ ወንዙንና የጎረቤቱን ስም ሳንውል ሳናድር በደብተር እናስፍርላቸው። ካምፕ የሚነሣበት ቀን አለው፤ ያን ጊዜ ወዴት እንደሚሄዱ ማወቅ አለባቸው።