ከደጃፍ እስከ ቆሼ፦ በአዲስ አበባ ጠርዝ የተሳሰሩ ኑሮዎች

ስለ አዲስ አበባ ድሆች የሚሠሩ ጥናቶች ሰዎቹን አብዛኛውን ጊዜ በየፈርጃቸው ለይተው ያቀርባሉ። የቤት ሠራተኞች ለብቻ፣ የጎዳና ልጆች ለብቻ፣ በሥጋ ደዌ የተጠቁ ለብቻ፣ ቆሻሻ ለቃሚዎችም እንዲሁ ለብቻ ይጠናሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን የተለየ መጠይቅ፣ የተለየ ፕሮጀክት፣ የተለየ ተጠሪ መሥሪያ ቤት ይኖራል። አሠራሩ ለቆጠራ ይመች ይሆናል፤ እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ የሚኖሩበትን ኑሮ ግን ከዓይን ይሰውራል። በዚህ መጣጥፍ ቡድኑን ትቼ ዕቃውን እከተላለሁ። አንድ ባዶ ሃይላንድ ከቤት ደጃፍ ተነሥቶ እስከ ከተማዋ ቆሻሻ መጣያ እስከ ቆሼ ሲደርስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ፣ በእያንዳንዱ እጅ ላይም ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ማየት የከተማዋን ጠርዝ በሌላ መልኩ ያሳየናል።

መነሻው ጓዳ ነው። በብዙ ቤት ባዶ ጠርሙስ፣ የዘይት ጀሪካንና የተሰነጠቀ ሳፋ የምታጠራቅመው የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ ከሽያጩ የሚገኘው ሳንቲምም በልማድ ለእሷ ይተዋል። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ ሲያልፍ በር ከፍታ የምትከራከረው እሷ ናት። ልዋጭ ባዩም ሲመጣ አሮጌ ልብስና ጫማ አውጥታ በአዲስ የፕላስቲክ ዕቃ ትለውጣለች። ክርክሩ አጭር ቢሆንም እንግዳ በሆኑ ሰዎች መካከል የሚደረግ አይደለም። ቆራሌው የሚዞርበትን ሰፈር ያውቃል፤ የትኛው ግቢ ሠራተኛ እንደለወጠ፣ የትኛው ቤት ለግንባታ ፈርሶ ብረት እንደሚወጣው ከማንም ቀድሞ ይሰማል። ከገጠር የመጣች ልጅ ሥራ ስትፈልግ ወሬውን የሚያደርሰውም አንዳንድ ጊዜ እሱ ነው።

ቆራሌው ራሱ ባለ ካፒታል አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጠዋት የሚነሣበትን ገንዘብ የሚሰጠው ተረካቢ ነጋዴ ነው፤ ማታ ያገኘውን ለዚያው ሰው አስረክቦ ሒሳቡን ያወራርዳል። ውሉ አይጻፍም፣ ማስያዣም የለውም። ዋስትናው የአገር ልጅነት ነው፦ ከአንድ አካባቢ የመጡ ልጆች አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ያድራሉ፣ ዕቁብ ይጥላሉ፣ አንዱ ቢጠፋ ሌሎቹ ይጠየቃሉ። ይህ ግንኙነት ብዝበዛም መደጋገፍም አለው፤ ሁለቱን ለያይቶ አንዱን ብቻ መጻፍ ስሕተት ይመስለኛል። ሚዛኑ የነጋዴው ነው፣ ዋጋውንም የሚቆርጠው እሱ ነው። ልጁ ታሞ በተኛ ጊዜ ግን ብድር የሚሰጠው ሌላ ሰው አያገኝም።

ከዚያ በኋላ ዕቃው መርካቶ ይደርሳል። እዚያ ያለው ምናለሽ ተራ የተሰበረ ሁሉ ሁለተኛ ዕድሜ የሚያገኝበት ቦታ ነው። በርሜሉ ተቆርጦ የከሰል ምድጃ፣ የመኪናው ጎማ በረባሶ፣ ቆርቆሮው ኩራዝ ይሆናል። ጥገና የማይቀበለው ብረት ወደ ማቅለጫ ፋብሪካ ይጫናል፤ ፕላስቲኩ ይፈጫል። ምድጃውን መልሰው ከሚገዙት መካከል ያቺው ሠራተኛ ወይም እንደ እሷ ያለች እናት ትገኝበታለች። የከተማዋ ዳር ነዋሪ የሚያበስልበት፣ የሚጫማው፣ ውሃ የሚቀዳበት ዕቃ አብዛኛው መሐል ከተማው የጣለው ነው። ስለዚህ ጠርዙ ከገበያ ውጭ ነው ማለት አይቻልም።

ቆራሌው ያልፈለገው የማኅበራቱ ድርሻ ነው። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ሴቶችና ወጣቶች ከየቤቱ ቆሻሻ በማዳበሪያ ሰብስበው በጋሪ ወደ ገንዳ ያደርሳሉ። ነዋሪው ለዚህ አገልግሎት የሚከፍለው ከውሃ ቢል ጋር ሲሆን፣ የማኅበራቱ ክፍያ ባስረከቡት ቆሻሻ መጠን ሲሰላ ቆይቷል። ሴቶቹ በመንገድ ላይ የሚሸጥ ነገር ይለያሉ። በገንዳው ዙሪያ የሚያድሩ ልጆችም የራሳቸውን ይወስዳሉ። መኪናው ጭኖ ሲነሣ ቆሻሻው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተበጥሯል።

የመጨረሻው ጣቢያ ቆሼ ነው፤ ታሪኩ ግን ከቆሻሻው ይቀድማል። በ1920ዎቹ ዓ.ም. በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ የተሠራው ያኔ ከከተማው ወጣ ባለ ሜዳ ላይ ነበር። ኋላ በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል በዚያው ተቋቋመ። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡ ሰዎች ድነውም ቢሆን ወደ ቀያቸው መመለስ አልቻሉም፤ መገለሉ ከበሽታው ይበልጥ ይጸና ነበርና። በግቢው ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፣ ተጋቡ፣ ወለዱ፣ ፈትልና ጥልፍ ሠሩ፣ ለመኑ። የሚቀብራቸው ስላጡም የራሳቸውን እድር አቆሙ። አዲስ አበባ ከ1956 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ቆሻሻዋን መድፋት የጀመረችው ከዚህ ሰፈር አጠገብ ነው። ከተማዋ ማየት የማትፈልገውን ሰውና ማየት የማትፈልገውን ዕቃ ወደ አንድ አቅጣጫ ላከች ማለት ነው። የዚህን ውሳኔ ክብደት የከተማ ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ገና በሚገባ አልመዘኑትም።

የተላኩት ሰዎች ግን ከተላከው ዕቃ ኑሮ ሠሩ። ቆሼ ላይ መኪና ሲገባ ለቃሚዎቹ ከርቀት ያውቁታል፦ ከሆቴል ነው፣ ከፋብሪካ ነው፣ ከሀብታም ሰፈር ነው። ጫፉ የታጠፈ ብረት በእጃቸው ይዘው ገልባጩ ሳያበቃ ይሻማሉ። አንዷ ሃይላንድ ብቻ ትለቅማለች፣ ሌላው ብረትና መዳብ፣ ሌላው ከሰል ወይም ማገዶ የሚሆን እንጨት። የሚበላ ነገርም የሚፈለግበት ጊዜ አለ። ጥግ ላይ ሚዛን የዘረጋ ገዢ ይጠብቃል፤ ያቺ ከጓዳ ያመለጠች ጠርሙስ እዚህ ተመዝና እንደገና ወደ መርካቶ ትመለሳለች። ለቃሚውን የሚመግቡ ጉልት ቸርቻሪዎች፣ ልጅ የሚጠብቁ አሮጊቶች፣ ክፍል የሚያከራዩ የቀድሞ ሕሙማን በዚሁ ገቢ ይተዳደራሉ።

ይህንን ትስስር ያላየ ዕቅድ ምን እንደሚያስከትል የ2008 እና የ2009 ዓ.ም. ክስተቶች አሳይተዋል። ቆሼ ሞልቷል ተብሎ በሰንዳፋ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተሠራ፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በዙሪያው ያሉ አርሶ አደሮች ሽታውና ፍሳሹ መሬታችንን፣ ከብቶቻችንን፣ ውሃችንን ጎዳ ብለው ተቃወሙ፤ ቦታው በዚያው ዓመት ክረምት ተዘጋ። ቆሻሻው በአዲስ አበባ መንገዶች ተከምሮ ከሰነበተ በኋላ ተመልሶ ቆሼ ላይ ተደፋ። አንድን ጠርዝ ለማሳረፍ ሌላ ጠርዝ ተፈልጎ ነበር። የሁለተኛው ጠርዝ ሰዎች እምቢ ሲሉ ሸክሙ እንደገና በመጀመሪያዎቹ ላይ ወደቀ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተናደ። ከሥሩ የነበሩትን የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ከነነዋሪዎቻቸው ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ፓርላማው የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ነዋሪዎች የክምሩን መደልደልና በአካባቢው የነበረውን ግንባታ ሲከሱ፣ ከባለሥልጣናት ወገን ደግሞ የለቃሚዎቹ ቁፋሮ በምክንያትነት ተነሣ። ይህ ሁለተኛው ማብራሪያ ያሳዝነኛል፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት የተከመረን ተራራ በአንድ ዘንግ ብረት ጫንቃ ላይ ይጭናልና። የሞቱት ሰዎች በሚኖሩበት ቦታ የኖሩት አደጋውን ሳያውቁ ቀርተው አልነበረም። ሥራው፣ ደንበኛው፣ ብድሩና እድሩ እዚያ ስለነበረ ነው።

ከአደጋው በኋላ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ቆሼ አጠገብ የረጲ ደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። በቀን እስከ 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታሰበ ነው። ሐሳቡ ክፋት የለውም። ነገር ግን የአዲስ አበባ ቆሻሻ አብዛኛው የምግብ ትርፍራፊ በመሆኑ እርጥብ ነው፣ ለመቃጠል ያስቸግራል። ጥሩ አድርጎ የሚነደው ፕላስቲክና ወረቀት ነው፤ ቆራሌው፣ የማኅበሯ ሴትና ለቃሚው የሚኖሩትም በዚያው ነው። ስለዚህ ምድጃውና ሰዎቹ ለአንድ ዕቃ ይሻማሉ። በዕቅድ ሰነድ ላይ የሚታየው ግን የቶን ቁጥር ብቻ ነው፤ መኪናው ቆሼ ከመድረሱ በፊት በስንት እጅ ስንት ኪሎ እንደወጣ በየትኛውም ሚዛን አይመዘገብም።

ሌላ መንገድ እንዳለ የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ታስረዳለች። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2011 የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ለቃሚዎችን ያገለለ የከተማ ጽዳት ጨረታ እንዲቆም አደረገ፤ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ከተማዋ ለቃሚዎች ላስረከቡት ክብደት እንደ ማንኛውም አገልግሎት ሰጪ ትከፍላቸው ጀመር። ክፍያው ከዕቃው ሽያጭ በተጨማሪ ነው፤ ከተማዋ እነሱ ባይኖሩ ለማጓጓዣና ለመቅበሪያ የምታወጣውን ታስባለችና። ለአዲስ አበባ ይህ ባዕድ አሠራር አይሆንም፤ ለጋሪ ማኅበራት በመጠን መክፈልን ታውቅበታለች፣ ገንዘቡንም ከውሃ ቢል ጋር ትሰበስባለች። የቀረው ያንን ክፍያ ከገንዳው በላይ ወደ ቆራሌው፣ ከገንዳው በታች ወደ ቆሼ ለቃሚ ማራዘም ነው። ለዚህም የመጀመሪያው ሥራ በየቤት ቁጥሩ የሚደረገውን ምዝገባ ትቶ በየሚዛኑ የሚቆሙትን ሰዎች መመዝገብ ነው።